ቤት የእግዜር ነው፤ ቁልፉስ የማን ነው?

መንገደኛ ሲመሽበት ካገኘው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። በወሎ ገጠር ከውስጥ የሚመጣው መልስ ለዘመናት አንድ ዓይነት ነበር፦ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ!» በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ትርጉሙ ያው ነው። ስምህ ማን ነው፣ ከየት መጣህ፣ ስንት ቀን ትቆያለህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እግሩ ከታጠበ፣ አፉም ጥቂት ከቀመሰ በኋላ ነው።

ዛሬ ቤታቸውን በኢንተርኔት ለአጭር ጊዜ የሚያከራዩ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚከራከሩበት ጉዳይ እዚህች መልስ ውስጥ አለ። እንግዳው ባለቤቱን ሳይጠይቅ፣ ስልኩን ነክቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ወዲያውኑ ቤቱን ይያዝ? ወይስ ባለቤቱ መጀመሪያ እንግዳውን አይቶ፣ መዝኖ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ይበል? የመጀመሪያው ለእንግዳው ይመቻል፤ ሁለተኛው ለባለቤቱ። ድርጅቶቹ ወደ መጀመሪያው ይገፋሉ፤ ባለቤቶች ወደ ሁለተኛው ይጎትታሉ።

ክርክሩ አዲስ ይመስላል። ሐይቅንና አምባሰልን ለሚያውቅ ግን አዲስ አይደለም። ይህ አገር ወዲያው የሚከፈት በርም፣ በጭራሽ የማይከፈት በርም፣ በግድ የተከፈተ በርም አይቷል። ሦስቱም ምን እንዳተረፉና ምን እንዳጎደሉ ታሪኩ ይናገራል።

▪️ በሩ ክፍት፣ ጓዳው ዝግ

የእግዜር እንግዳ ወግ ባለቤቱን ሥልጣን የሚያሳጣ ይመስላል። «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። እንግዳ የመለሰ ሰው በመንደሩ ስሙ ይነሳል። ሆኖም ወጉን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ባለቤቱ በደጁ ላይ የተወውን ሥልጣን ከደጁ ወዲያ በሙሉ ይዞታል።

እንግዳው የሚቀመጠው በተሰጠው ቦታ ነው። የሚተኛው በተነጠፈለት መደብ ላይ ነው። የሚበላው የቀረበለትን ነው። ጓዳ አይገባም። እህሉ፣ ማጀቱ፣ የቤቱ ምስጢር ያለው እዚያ ነውና። ሲነጋ ደግሞ መርቆ ይሄዳል። የሚሰነብት እንግዳ ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ብረት እንደሚወርድ በተረትና በቀልድ ይነገረዋል። ማንም «ውጣ» አይለውም፤ ግን መቼ መውጣት እንዳለበት ያውቃል።

ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ቁጥጥሩ ያለው መግቢያው ላይ ሳይሆን አኗኗሩ ላይ ነው። ማን ይግባ የሚለው አያከራክርም፤ የገባው እንዴት ይሁን የሚለው ግን ለድርድር አይቀርብም።

በወሎ ይህ ብልሃት ሌላም ሥራ ነበረው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ፣ ተጋብቶም በሚኖርበት አገር የእንግዳው ሃይማኖት መታወቅ ነበረበት፤ በሥጋ ምክንያት። ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም። ስለዚህ ባለቤቱ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን ለመመለስ ሳይሆን ለማስተናገድ ነው። እንግዳው የሌላው ወገን ከሆነ ሥጋው ቀርቶ ሽሮ ይሠራል፣ ወይም ከጎረቤት ቤት ይመጣለታል። ስም ብቻ ሰምቶ መፍረድም አያዋጣም። በወሎ ስም ሃይማኖትን ሁልጊዜ አይናገርም፤ የሙስሊም ስም ያለው ክርስቲያን፣ የክርስቲያን አባት ያለው ሙስሊም ሞልቷል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር።

እንግዲህ ያው አንድ ጥያቄ ሁለት ዓላማ ሊኖረው ይችላል። «ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ደጅ ላይ ሲጠየቅ ወንፊት ይሆናል፤ ገበታ ላይ ሲጠየቅ መስተንግዶ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። «ግባ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። የሚፈጨው፣ የሚጋገረው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እግር የሚታጠበው ግን በሴቶቹ እጅ ነው። አባወራው በአንድ ቃል የሰጠው እሺታ ለባለቤቱና ለልጃገረዶቹ የግማሽ ሌሊት ሥራ ነበር። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን የሚነገረው ውዳሴ ይህን ሒሳብ ይዘለዋል። የበሩ ሥልጣን በአንዱ እጅ፣ የበሩ ሸክም በሌላው ጀርባ ነበር። ይህ ነጥብ በኋላ ይመለሳል።

▪️ ሰዓት የሚጠብቁት አባቶች

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለዚህ ጉዳይ የተለየ ምስክር ነው። ዛሬ ቦታው በምድር ልሳን ከዳርቻው ጋር ተገናኝቷል፤ በጥንት ጊዜ ግን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጽሑፉ ያነሳው የደሴት ገዳም ይኸው ነው። ወደ ደሴት የሚሄድ እንግዳ ታንኳ ያስፈልገዋል። ታንኳው ካልመጣለት ከዳር ቆሞ መጠበቅ ነው። በተጨማሪም ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም፤ ይህ ሕግ ዛሬም አልተለወጠም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ደሴት ላይ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ደንቡ ጥብቅ፣ መግቢያው ጠባብ የነበረ ቤት የአገሪቱ ትልቁ የእውቀት ማዕድ ሆነ። በር መጥበቡ ቤቱን ባዶ አላደረገውም። የሚመጣው ሰው ምን ዓይነት ቤት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚጠበቅበት አውቆ ይመጣ ነበርና።

ከይኩኖ አምላክ ዘመን ጀምሮ የሐይቅ አበ ምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ያዘ። ቃሉ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ወደ ንጉሡ ማን፣ መቼ ይገባል የሚለው በዚህ ሰው እጅ ያልፍ ስለነበር ማዕረጉ በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ቆየ። የእንግዳን መብት ሳይነፍጉ የባለቤቱን ጊዜ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሹመት ነበር ማለት ነው። ዛሬ አንድ አከራይ በስልኩ ላይ ቀን ሲዘጋ፣ «ከመምጣታችሁ ሁለት ቀን በፊት አሳውቁኝ» ብሎ ሲያስቀምጥ የሚሠራው የዐቃቤ ሰዓትን ሥራ ነው።

▪️ አንድ በር ያለው ተራራ

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ አምባሰል ውስጥ ግሸን አለ። ተራራው በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠ፣ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ ነው። ከ13ኛው መጨረሻና ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች እዚያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ዙፋን የሚወርስ ሰው ሲፈለግ ከዚያ ይመጣል፤ እስከዚያ ግን የሚወጣም የሚገባም የለም። የአምባሰል ገዢዎች «ጃንጥራር» የሚል የራሳቸው የሆነ ማዕረግ ነበራቸው፤ የዚያ አምባ ጥበቃም ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነው። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የዚሁ ማዕረግ ባለቤት ነበሩ።

የባለቤት ቁጥጥር ወሰን እስኪያጣ ሲሄድ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ግሸን ነው። ቤቱ እስር ቤት ይሆናል። ይህን ያህል የተጠበቀ በርም ለዘለዓለም አልጠበቀም፤ የኢማም አህመድ ጦር በ1531 እ.ኤ.አ. የሐይቁን ደሴት ሀብት ወሰደ፣ ግሸንንም ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ በ1540 ያዘ።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያው አንድ በር ያለው ተራራ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዙ እንግዳ ከሚጎርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እዚያ እንዳረፈ ትውፊቱ ይናገራል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምዕመኑ ከአራቱም ማዕዘን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ይወጣል። አውቶቡሱ ይደረደራል፣ ዳገቱ በእግር ይወጣል። ማደሪያው ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በአካባቢው ሰው ቤት ነው። የሙስሊሙም ወገን ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ አልቡኮ የሚገኘው ጀማ ንጉሥ በመውሊድ ጊዜ ሕዝብ ተቀብሎ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ ይሸኛል።

እንዲህ ያለው ቀን ለእንግዳ አቀባበል ትልቁ ፈተና ነው። አንድ እንግዳ ሲመጣ «ቤት የእግዜር ነው» ማለት ቀላል ነው። አንድ መቶ ሲመጣ ግን ቦታ ያልቃል፣ ውኃ ያልቃል፣ እንጨት ያልቃል። በንግሥና በመውሊድ ጊዜ ወጉ የሚጸናው ቀኑ የታወቀ ስለሆነ ነው። አገሬው ከወራት በፊት እህሉን፣ ማገዶውን፣ ጠላውን ያዘጋጃል። ወዲያውኑ መቀበል የሚቻለው አስቀድሞ ለተዘጋጀ ሰው ነው።

▪️ በሩ በግድ ሲከፈት

ሦስተኛው ዓይነት በር የመንግሥት ነው። ንጉሥ የላከው ሰው፣ የውጭ መልእክተኛም ቢሆን፣ በመንገዱ ላይ ከገበሬው ድርጎ ይቀበል ነበር። እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ በትእዛዝ ይቀርባል። ከዚያ የከፋው ተሠሪ ነው። ወታደር በገበሬ ቤት ይመደባል፤ ገበሬው ያበላዋል፣ ያስተኛዋል፣ ሲቆጣም ይታገሠዋል። እንግዳው አይጠይቅም፣ ባለቤቱም አይመልስም። የሚያድርበትን ጊዜ የሚወስነው ዘመቻው ነው።

ወሎ የዘመቻ መንገድ ነበረችና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደር ደመወዝ ከፍለው ተሠሪን ለማስቀረት ሞከሩ፤ ዘመናቸው ግን በጦርነት አለቀ፣ ከጦርነቱም ብዙው የተካሄደው ወሎ ውስጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1892 እ.ኤ.አ. አሥራት የደነገጉት ወታደሩ ከገበሬው ቤት ወጥቶ ከጎተራ እንዲቀለብ ነበር። ሁለት ንጉሠ ነገሥታት ይህን ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ አድርገው ማየታቸው፣ በሩን በግድ መክፈት ምን ያህል እንደጎዳ ያሳያል። ገበሬው እንግዳ አይጠላም ነበር። የጠላው የማይመለስ፣ የማይጠየቅ፣ ጓዳ የሚገባ እንግዳ ነው።

ባለቤቶችም ንጹሐን አልነበሩም። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ በ1842 እ.ኤ.አ. ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ለማለፍ ሲጓዝ የወሎ ባላባት የነበረው አደራ ቢሌ በደህና ተቀበለው። መንገዱ በጦርነት ተዘግቶበት ወደ ሸዋ ሲመለስ ግን ያው ሰው እንግዳውን አስሮ፣ ያለውን ሁሉ ገፎ ሰደደው። እንግዳ በባለቤት እጅ ነውና ባለቤቱ ሲከፋ መጠለያው ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

የድሮው ሥርዓት ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ባልደረባና ዋስ ነበር። ባልደረባ እንግዳውን ከጌታው ጋር የሚያገናኝ፣ የእንግዳውን ጉዳይ የሚያስፈጽም፣ የጌታውንም ወግ ለእንግዳው የሚያስረዳ ሰው ነው። ዋስ ደግሞ «ይህ ሰው ቢያጠፋ እኔ አለሁ» የሚል ነው። በሁለት በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ሦስተኛ የታወቀ ሰው ይቆማል። ደግ ባልደረባ ለሁለቱም ይታመናል፤ ክፉ ባልደረባ ከሁለቱም ይበላል።

▪️ የውጫሌ ትምህርት

ይህ ሁሉ የተጻፈ ውል ሳይኖር ነው። የተጻፈ ውል ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማወቅም ከአምባሰል መውጣት አያስፈልግም። ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በዚያች ቦታ ውል ተፈራረሙ። የ17ኛው አንቀጽ ነገር የታወቀ ነው። በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላክ ይችላሉ ይላል። በኢጣሊያንኛው ግን በእርሷ በኩል ለመሥራት እንደተስማሙ ተደርጎ ተጻፈ። «ይቻላል» የነበረው «ግዴታ» ሆነ። ባለቤቱ በሩን የሚከፍትበት መብት ሲመስለው፣ እንግዳው ቁልፉን ራሱ ጋ አስቀመጠ። ፍጻሜው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ታየ።

ንጽጽሩ መጠኑን አይልቀቅ፤ የቤት ኪራይና የአገር ነጻነት አንድ አይደሉም። ግን ቤቱን በኢንተርኔት የሚያከራይ ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ደንብ ላይ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሲነካ፣ ያ ደንብ «ይቻላል» ይላል ወይስ «ግዴታ ነው» ማወቅ አለበት። አንዳንዴ ሙሉው ጉዳይ ያለው በዚያች አንድ ግስ ውስጥ ነው።

▪️ ከእግዜር እንግዳ ወደ አልጋ

በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከአሥመራ በደሴ በኩል የሚመጣው የመኪና መንገድ ተሠራ። ሐይቅም ውጫሌም በዚያ መንገድ ላይ ናቸው። መኪና ከመጣ ሾፌር መጣ፣ ረዳት መጣ፣ ነጋዴ መጣ። እነዚህ «አሳድሩኝ» አይሉም፤ «አልጋ አለ?» ይላሉ። ጥያቄው ተለወጠ ማለት ግንኙነቱ ተለወጠ ማለት ነው። የእግዜር እንግዳ ምርቃት ትቶ ይሄድ ነበር፤ የአልጋ እንግዳ ብር ትቶ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሆቴል ውል የተለየ ክፍል ሲያካትት፣ ባለሆቴሉ እንግዳው ይዞት ለሚገባው ንብረት ያለበትን ኃላፊነትም ደንግጓል። በቅርቡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። በሆቴሉ ሕግና በመኖሪያ ቤቱ አዋጅ መካከል፣ ሰው ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ለሦስት ሌሊት የሚያሳድረው ከፋይ እንግዳ አለ። የዛሬው ጥያቄ የሚነሳው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ክፍተቱን በዓለም ደረጃ የሞላው ኤርቢኤንቢ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሁለት ወጣቶች የቤት ኪራይ ሲቸግራቸው ወለላቸው ላይ አየር የሚሞላ ፍራሽ ዘርግተው ሦስት እንግዳ በማሳደራቸው ነው። መጀመሪያ አሠራሩ ሁሉ በጥያቄ ነበር። እንግዳው ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ስሙንና ፎቶውን አይቶ ይመልሳል። ከዚያ ሁለት ችግር ታየ።

አንደኛው መዘግየት ነው። ሰው ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ጉዞው ይበላሻል።

ሁለተኛው የከፋ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ወደ 6,400 የሚጠጉ ጥያቄዎችን በተለያየ ስም ላኩ። ከስም በቀር ሁሉም አንድ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን የሚመስል ስም ያላቸው እንግዶች ተቀባይነት የማግኘት ዕድላቸው በ16 በመቶ ገደማ አነሰ። ደጅ ላይ የተጠየቀው «ማን ነህ?» ወንፊት ሆነ ማለት ነው። ድርጅቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን ለመቀነስ ወዲያውኑ የሚያዙ ቤቶችን ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ለማድረስ ቃል ገባ፤ በ2018 ደግሞ ባለቤቱ ጥያቄውን ከመቀበሉ በፊት የእንግዳውን ፎቶ እንዳያይ አደረገ።

ወዲያውኑ መያዝ አድልዎን ይቀንሳል። ነገር ግን ሌላ በር ይከፍታል። በ2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ ኦሪንዳ ከተማ በኤርቢኤንቢ በተከራየ ቤት በተደረገ ድግስ ላይ ተኩስ ተከፍቶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የድግስ ቤቶችን ከለከለ። ተሠሪን ያየ ሕዝብ ይህ አይገርመውም፤ ማንነቱ ያልታወቀ፣ ተጠያቂ ያልሆነ እንግዳ በሙሉ ቤት ላይ ሲሠለጥን የሚሆነው ይህ ነው።

ሁለቱ ችግሮች ከተጣመሩ በኋላ የተገኘው መፍትሔ ከወሎው ወግ ብዙ አይርቅም። ማን ይግባ የሚለው ላይ የባለቤቱ ምርጫ ይጠብባል፤ በምን ሁኔታ የሚለው ላይ ይሰፋል። ባለቤቱ የቤቱን ደንብ አስቀድሞ ይጽፋል። የቀን መቁጠሪያውን ይዘጋል፣ ይከፍታል። አስቀድሞ የሚነገርበትን ጊዜ ይወስናል። በሁለት እንግዳ መካከል የማዘጋጃ ቀን ያስቀምጣል። የተረጋገጠ መታወቂያና የቀድሞ አስተናጋጆች ምስክርነት ያለው ብቻ ወዲያውኑ እንዲይዝ ማድረግ ይችላል። ወግ፣ ዐቃቤ ሰዓት፣ ዋስ፣ ሦስቱም በሌላ ስም ተመልሰዋል።

የጎደለው አንድ ነገር ግን አለ። ባልደረባው ከሁለቱ ወገን የሚበላ መሆኑ ነው። ወዲያውኑ የሚያዝ ቤት በፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባለቤቱ ልጠይቅ ካለ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ምርጫው ነጻ ይመስላል እንጂ ሚዛኑ ዘንበል ብሏል። «ይቻላል» የሚለው ቀስ በቀስ «ግዴታ» ይሆናል። ውጫሌ እንደገና!

▪️ ለሐይቅና ለአምባሰል ምን ይሆናል?

ጉዳዩ ለዚህ አካባቢ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ሲፈስ ትምህርት ቤቶች ሞሉ፤ የቻለ ሰው ደግሞ ቤቱን ከፈተ። «አሳድሩኝ» የሚለው ጥንታዊ ቃል ተመልሶ መጣ፣ መልሱም አብሮ። ጥቂት ቆይቶ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ራሱ ደረሰ። በደቡብ ወሎ ከተሞች ብዙ ሰው በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተበት፣ ጓዳው ተበረበረ። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሕዝብ የእግዜርን እንግዳም ተሠሪንም አየ። ስለዚህ ዛሬ አንዲት የሐይቅ እናት ለማታውቀው ሰው በሯን ከመክፈቷ በፊት ብታመነታ፣ ወግ ጠፋ ተብሎ ሊፈረድባት አይገባም።

ሰላሙ ጸንቶ መንገዱ ሲከፈት እንግዳ መምጣቱ ግን አይቀርም። ሐይቁ አለ፣ ገዳሙ አለ፣ ግሸን አለ፣ ውጫሌ አለ፣ በዜማው ቅኝት ስም አምባሰልን የሚያውቅ ሰውም በየአገሩ አለ። ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ክፍል ያለው ቤተሰብ ራሱ እንግዳ ሊያሳድር ይችላል። ጥያቄው በማን ውል፣ በማን ቁልፍ ነው።

ከታሪኩ የሚወጣው መልስ ይህን ይመስላል።

ለዓመታዊው ክብረ በዓል፣ ቀኑ ለታወቀና ሁሉም ለተዘጋጀበት ጊዜ፣ ወዲያውኑ መያዝ ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ምዕመን መስከረም 21 የት እንደሚያድር አስቀድሞ ቢያውቅ ለእርሱም ለአገሬውም ዕረፍት ነው። ክፍሉ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ውኃው እስከ መቼ እንደሚበቃ ቆጥሮ መክፈት፣ ሲሞላ መዝጋት ነው።

ለሌላው ጊዜ፣ በተለይ ቤተሰቡ በሚኖርበት ቤት፣ መጠየቅ ይቅደም። ግን የሚጠየቀው ጥያቄ የገበታው ይሁን፤ ጾም ነህ? ምን ትበላለህ? በስንት ሰዓት ትደርሳለህ? የደጁ ጥያቄ፣ ማለትም ዘር፣ ሃይማኖት፣ የስም ማሽተት፣ ከመልሱ ውጪ ይሁን። ወሎ ይህን ነውር አድርጋ ያኖረችው ዛሬ አይደለም።

ዋስ ይኑር። በቀበሌ የታወቀ ማኅበር፣ ወይም በአካባቢው ሰዎች የቆመ የአስተናጋጆች ኅብረት የእንግዳውን መታወቂያ ቢመዘግብ፣ ለባለቤቱም ለእንግዳውም ቢቆም፣ የባልደረባው ጥቅም ሳን ፍራንሲስኮ ከመሄድ እዚያው ይቀራል። ደንቡም በአማርኛ ይጻፍ። «ይቻላል» የሚለውን «ይቻላል» ብሎ ያስቀምጥ።

ከሁሉም በላይ ቁልፉ ሸክሙን በምትሸከመው እጅ ይሁን። አልጋ የምታነጥፈው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ጓዳዋን የምታውቀው እርሷ ናት። በድሮው ወግ «ግባ» የሚለው ሌላ፣ የሚደክመው ሌላ ነበር። በአዲሱ ስልኩም፣ ቀን መቁጠሪያውም፣ የሚከፈለው ገንዘብም በስሟ ቢሆን፣ ዛሬ ደክሞኛል ብላ ቀኑን መዝጋት ብትችል፣ አዲሱ ነገር ከአሮጌው ይሻላል። ይህ ካልሆነ አዲሱ ዘዴ የድሮውን በደል በፍጥነት ይደግመዋል እንጂ አይለውጠውም።

ቤት የእግዜር ነው የሚለው ቃል አልተሳሳተም። ቃሉ የሚናገረው ግን ስለ በሩ ነው። ጓዳው ምንጊዜም ባለቤት ነበረው።